የኮለን ሰባት ዋስ

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የሕንፃዬን ሃያ አራት ኮለኖች፣ የአርማታ ምሰሶዎቹን፣ እመታለሁ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፤ አንዴ ከቁርጭምጭሚት፣ አንዴ ከደረት፣ አንዴ እጄ እስከደረሰበት ከፍ አድርጌ። መዶሻዬ ግማሽ ኪሎ ናት፤ እጀታዋ ወይራ ነው። የዋሶች ጽሕፈት ቤት የሰጠኝ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ነበር፤ እሱን በመጀመሪያው ሳምንት ወርውሬዋለሁ። በፕላስቲክ የሚሰማ ነገር የለም።

ሕጉን የማያውቅ ሰው አሁን አይኖርም፤ ቢሆንም ልናገረው። አንድ ሕንፃ ሲሠራ ተቆጣጥሮ «ይቁም» ብሎ የፈረመ ኢንስፔክተር የሕንፃው ዋስ ነው። ከነቤተሰቡ ምድር ቤት ገብቶ ሰባት ዓመት ይኖራል። አልጋው የሚዘረጋው ትልቁን ሸክም ከተሸከመው ኮለን ሥር ነው፤ ቦታውን የሚመርጠው ጽሕፈት ቤቱ እንጂ እሱ አይደለም። ሰባት ዓመቱን ሕንፃው ከቆመ ዋሱ ነፃ ይወጣል። ድሮ ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ይባል ነበር አሉ። ዛሬ ዋስ አምጣ የሚባለው ሕንፃ ነው። በሁለት ሺህ ስድሳዎቹ ዓመታት ያ ሁሉ ሕንፃ ማሽን «ጤነኛ» እያለው ከተደረመሰ በኋላ አንድ ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ተነሥተው «ማሽን አይሞትም፤ የማይሞት ነገር እንዴት ዋስ ይሆናል?» አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምንኖረው።

እኔ ይርገዱ እባላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የዋስኩት ሕንፃ በቀጠና አሥራ አራት የሚገኝ አሥራ ሁለት ፎቅ ነው፤ ስድሳ አንድ ቤተሰብ ይኖርበታል። ስድስት ዓመት ከሁለት ወር ኖሬበታለሁ፤ የቀረኝ አሥር ወር ነበር። ከአልጋችን ራስጌ የቆመው ኮለን ሰባት ነው። ባለቤቴ ልዑልሰገድ አስተማሪ ነው፤ ስንገባ ኮለኑን ዳበስ አድርጎ «ሦስተኛ ሰው ሳንጋብዝ መጣ» ብሎ ነበር። እሱ ካልቀለደ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጎረቤቱ በመዶሻዬ ነው የሚነሣው። ሰዓት የሚሞላ የለም። ከኮለን አንድ ተነሥቼ አምስት ስደርስ ላይ ቤት ውሃ ሲከፈት እሰማለሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ልጆች ይነጫነጫሉ፤ ሃያ አራተኛውን ስጨርስ ደረጃው በሰው ይሞላል። ወደ ሥራ ሲወጡ አንገታቸውን ወደኔ ዘንበል አድርገው «ዛሬስ ምን ይላል?» ይሉኛል። «ምን ይላል፣ ቆሟል» እላለሁ። በቃ፣ የጠዋት ሰላምታችን ይኸው ነው።

አንዴ ሦስተኛው ዓመት ላይ ጉንፋን ጥሎኝ ሃያ ደቂቃ አረፈድኩ። መዶሻዬን ይዤ ስወጣ ስድሳ አንዱም ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ልጅ ያዘለ አለ፣ ፍራሽ የተሸከመ አለ። የስድስተኛ ፎቋ እማማ ደብሪቱ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር፣ በነጠላ ጫማ ወርደው የዕድሩን መዝገብ ብብታቸው ሥር ወትፈው ቆመዋል። «አንቺ ልጅ፣ በቁማችን ልትቀብሪን ነው እንዴ!» ብለው ጮኹብኝ። እያሳልኩ ሃያ አራቱንም መታሁላቸው። አንድም ሰው ሳይንቀሳቀስ ሁሉም እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ እየሳቁ ተመልሰው ገቡ።

ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ኮለን ሰባት ድምፁን ቀየረ።

ጤነኛ አርማታ ሲመቱት ይጮኻል፤ መዶሻውን መልሶ ይወረውርልሃል። ያን ጠዋት ቁርጭምጭሚቱ ላይ መታሁት፣ ጮኸ። ደረቱ ላይ ስመታው ዱብ አለ። እንደ ቅል። እንደገና መታሁት፣ ዱብ። ግራውን፣ ቀኙን፣ ዞሬ ከኋላ፤ በዚያው ቁመት ዙሪያውን ዱብ ዱብ ይላል።  የቀሩትን አሥራ ሰባት ኮለኖች እንዴት እንደመታሁ አላውቅም፤ አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው የጽሕፈት ቤቱ መዝጋቢ መሣሪያ መመታታቸውን እንጂ ድምፃቸውን አይሰማም፤ «ተጠናቋል» አለኝ። ወጥቼ የሕንፃው ግንባር ላይ ያለውን መብራት አየሁ። አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ «ጤነኛ» ይላል። መብራቱን የሚያዙት መርማሪ ሴንሰሮች ከኮለኑ እግርና ከራሱ ላይ ናቸው። መሐሉን ማንም አልጠየቃቸውም።

«ዛሬስ ምን ይላል?» አሉኝ እማማ ደብሪቱ፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲያልፉ።

«ቆሟል» አልኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ደረጃ ላይ የዋሸሁት ያን ቀን ነው። ሌላው ውሸቴ ከዚያ ይቀድማል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ግድም፣ መጋቢት ውስጥ፣ የዚህን ሕንፃ አርማታ ስንሞላ ነበር። ሙሌት የምትሠራው ማሽን ናት፤ እጇን ዘርግታ አርማታውን በፌሮ ብረቶቹ መሐል እየደራረበች ትወጣለች። ሆኖም የኢንስፔክተር መዳፍ ሰሌዳዋ ላይ ካላረፈ አትሠራም። ቀኑን ሙሉ መዳፌን አሳርፌ እቆማለሁ፤ መዳፌን ካነሣሁ ትቆማለች። ስልክ በር ላይ ይቆለፍበታል። ኦፕሬተሩ ደግአረገ ይባላል፣ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ከጎጃም የመጣ፣ እናቱን ይዞ ከግቢው ጀርባ የሚኖር፣ ዝምተኛ ልጅ። ከሥሩ አሥር ሠራተኞች ነበሩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮለን ሰባት ደረት ላይ ሲደርስ፣ የዕድሩ ድሮን ጥሩምባዋን እየነፋች በላያችን መጣች። ሁላችንም አንገታችንን ቀና አደረግን፤ ጥሩምባ ሲነፋ ማነው ብሎ ማዳመጥ ነው ደንቡ። «ወይዘሮ አሰገደች አረፉ፤ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» ብላ አልፋ ሄደች። ደግአረገ የእናቱን ሞት ከሰማይ ነው የሰማው። አልጮኸም። ማሽኗን እያየ «እኔን? እኔን ነው?» አለ።

ምን ልበለው? ኮለኑ እስኪያልቅ እናትህ ትጠብቅህ ልበለው? መዳፌን አነሣሁ። ማሽኗ ቆመች። አሥሩም ሠራተኛ መሣሪያውን ጥሎ ተከተለው፤ እኔም ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩ። ቀባሪ አያሳጣን ነው የሚባለው፤ ወይዘሮ አሰገደች ያን ቀን ቀባሪ አላጡም። አፈር አልብሰን፣ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስን። ልጁን ከለቅሶው ተመለስ ያለው አልነበረም፤ ራሱ «ተጀምሮ አያድርም» ብሎ ተነሣ።

መዳፌን ሳሳርፍ ማሽኗ ጠየቀችኝ። «ሙሌቱ ለሦስት ሰዓት ተቋርጧል። ምክንያት ይምረጡ።» አራት ነገር ደረደረችልኝ፦ ዝናብ፣ መብራት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ የተቆጣጣሪ ሕመም። ቀብር የሚል የለም። ሦስት ሰዓት የተቋረጠ ኮለን ይፈርሳል። ኮለን ያስፈረሰ ቡድን ደግሞ ከቤት ዕጣ ይወጣል፤ ያ ዕጣ ለነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች የዕድሜያቸው ተስፋ ነበር። ለዝናብ ብቻ ይፈቀዳል፤ ማሽኗ ላስቲክ አልብሳ ትጠብቀዋለች ተብሎ ስለሚታሰብ። ሰማዩ ከዳር እዳር ጠርቶ ነበር። ዝናብ የሚለውን ተጫንኩ። መሸት ብሏል፤ እኔ ሰሌዳው ጋ ነኝ፣ ኮለን ሰባት ሌላኛው ጫፍ ነው። የማሽኗ እጅ ወዲያው መደራረብ ጀመረ። እንዲህ ደርቆ የቆየና አዲስ አርማታ የሚገናኙበት መጋጠሚያ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይይዝም። ይይዛል ብዬ ፈረምኩ። ደግነት መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ደግነት ነበር እላለሁ። አይ ሰው መሆን!

ለደግአረገ በዕጣ እዚሁ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ወጣለት። አገባ፤ መንታ ሴቶች ወለደ።

ያን ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ጠብቄ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሚስቱ ገበያ ነበረች። መንታዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጠርሙስ ክዳን እየደረደሩ ቤት ይሠራሉ፤ እሱ ሳህን ያጥባል።

«እትዬ ይርገዱ! ግቢ፣ ግቢ። ምነው፣ በደህና?»

«ኮለን ሰባት ድምፁን ቀየረ።»

ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ደረት ላይ?» አለ።

እኔ ቦታውን አልነገርኩትም። «እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

እጁን ሳያደርቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ።  ከዚያ «ጃኬቴ ነው» አለኝ።

«የምን ጃኬት?»

«የሥራ ጃኬቴ። ያን ቀን ስንሄድ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። አርማታው እንዳይሰነጠቅ ብዬ አውልቄ አለበስኩት፤ በፌሮዎቹ መሐል ጠቀጠቅ አድርጌ። የማደርገውን የማውቅ ይመስልሻል? እናቴ ሞታለች እየተባልኩ ኮለን አለብሳለሁ። ስንመለስ ዓይኔ አያይም ነበር። ማሽኗ ጀመረች። ማታ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ ብርድ ሲመታኝ ነው ጃኬቴ የት ሄደ ያልኩት።»

 «ስድስት ዓመት!» አልኩት። «እኔና ባሌን እዚያ ሥር አስተኝተህ ስድስት ዓመት! አፍ የለህም? ምላስ የለህም?»

መንታዎቹ ጨዋታቸውን ትተው አዩኝ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ስንቴ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ» አለ። «ከማሽኗ ሰሌዳ ላይ ዝናብ ማለትሽን አይቻለሁ፣ እትዬ ይርገዱ። ለኔ ብለሽ ነው የዋሸሽው። ጃኬቱን ከተናገርኩ መጀመሪያ የምትታሠሪው አንቺ ነሽ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ጠዋት ጠዋት መዶሻሽ እስኪያልቅ ድረስ እዚህ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው የምሰማው። ሰባት ላይ ስትደርሺ ልቤ ቀጥ ይላል። ከጮኸ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።»

የሁለታችንም ውሸት አንድ ኮለን ውስጥ ተቀብሯል፤ እኔ የሱን አላውቅም፣ እሱ የኔን ሊከድን ዝም ብሏል። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መጋጠሚያ ቢሆን ኖሮ ይይዝ ይሆናል እያልኩ ራሴን እደልል ነበር። ጨርቅ ግን ኮለኑን ለሁለት ቆርጦታል፤ ከላይ ያለው አሥራ ሁለት ፎቅ የተቀመጠው በሚበሰብስ ጃኬት ላይ ነው።

«የቀረሽ አሥር ወር ነው» አለ ወለሉን እያየ። «ስድስት ዓመት የቆመ አሥር ወር...»

«ከዚያስ? እኔ ነፃ ወጥቼ እሄዳለሁ። እነዚህስ?» አልኩት፣ ወደ ልጆቹ በአገጬ እያሳየሁ።

 አንደኛዋ መንታ የጠርሙስ ክዳን አምጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ዋስትናዬን ባነሣ የሚሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ሕንፃው በስድስት ሰዓት ውስጥ ይለቀቃል። ጥገና የሚፈቀደው መዝገቡ ንጹሕ ለሆነ ሕንፃ ነው፤ በውሸት የቆመ ይፈርሳል። ስድሳ አንዱ ቤተሰብ ከቤት ተራው መጨረሻ ይሰለፋል፤ መጨረሻው ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ነው። እማማ ደብሪቱ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እኔ እታሠራለሁ፣ እሱም ይታሠራል።

ማታ ራት ላይ ለልዑልሰገድ ሁሉንም ነገርኩት። እንጀራውን እንደጠቀለለ እጁ አየር ላይ ቀረ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። «ስትፈርሚ አላማከርሽኝም፤ ስታነሺም አታማክሪኝ» አለ። «ከነገ ጀምሮ የት እንደምንተኛ ብቻ ንገሪኝ።» ጉርሻውን አጎረሰኝና ተነሥቶ አልጋውን ከኮለኑ አራቀ። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

ያኔውኑ ወጥቼ ሰውን ሁሉ መቀስቀስ ነበረብኝ። አላደረግሁትም። ፈራሁ። ስድሳ አንድ ቤተሰብ በዚያ ጃኬት ላይ አንድ ሌሊት አሳደርኩ፤ ሕንፃው ቢቆምልኝም ለዚያ ሌሊት ራሴን ይቅር አላልኩም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዶሻዬን ይዤ ኮለን አንድ ፊት ቆምኩ። እጄን አነሣሁ። አልወርድ አለኝ። አንድን ከመታሁ ሰባት ላይ እደርሳለሁ፤ ሰባት ላይ ከደረስኩ ደግሞ «ቆሟል» እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ሕንፃው ዝም አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ሲሆን አንድ በር ተከፈተ። ቀጥሎ ሌላ። ከላይ አንድ ሰው «መታች እንዴ?» አለ፤ «አልመታችም» አለው ሌላው። ከዚያ እግር ብቻ ነው የተሰማው፣ ብዙ እግር፣ ደረጃውን እየወረደ። ያዘለ፣ የተሸከመ፣ ሕፃን በፎጣ የጠቀለለ። ማንም ማንንም አልገፋም። እማማ ደብሪቱ ከነነጠላ ጫማቸው መጡ፤ የዕድሩ መዝገብ ብብታቸው ሥር ነው። አጠገቤ ቆመው መሬት ላይ ያለውን መዶሻ አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«መብራቱ እኮ አረንጓዴ ነው!» አለ የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤታችን። «ጤነኛ ይላል፣ አይታይሽም?»

«ይታየኛል» አልኩት።

መዝጋቢው ላይ መዳፌን አሳርፌ ዋስትና ማንሳት የሚለውን ነካሁ። ምክንያት ጠየቀኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ጨምረዋል፤ ሌላ የሚል። እሱን መርጬ «ኮለን ሰባት ሲሞላ ሰው ሞቶ ነበር፤ ቀብር ሄድን» አልኩ።

«ምክንያቱ አልታወቀም» አለ መዝጋቢው። «ማስረጃ ያቅርቡ፤ ወይም እንደገና ይምረጡ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ያኔ ደግአረገ ከሕዝቡ መሐል ወጣ። መንታዎቹን ለሚስቱ አስረከበ፤ ሚስቱ ምንም አልገባትም፤ ሁለቱንም አቅፋ ቆመች። መዶሻውን ከመሬት አነሣ።

«አንተ ተው፣ እኔ ነኝ የምመታው፤ ዋሷ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ቦታውን የማውቀው እኔ ነኝ» አለና ወደ መኝታ ቤታችን ገባ። የቻለ ተከትሎ ገባ፤ ያልቻለ በመስኮት ተንጠለጠለ።

ደረት ቁመት ላይ መታው። ዱብ። ሁለተኛ። በአራተኛው ልስኑ ረገፈ፤ በዘጠነኛው የአርማታው ቅርፊት እንደ ደረቅ ዳቦ ተገምሶ ወደቀ። ውስጡ ጥቁር ነበር። ደግአረገ ጣቶቹን አስገብቶ ሳበ። የጃኬት እጅጌ ወጣ፤ ግማሹ በስብሷል፤ የሚያበራው ብርማ መስመሩ ግን በመስኮት የገባው ብርሃን ሲነካው ቦግ አለ።  እጅጌውን የመዝጋቢው ዓይን ፊት ያዝኩት።

«ማስረጃው ተቀባይነት አግኝቷል። ዋስትናው ተነሥቷል። ሕንፃው በስድስት ሰዓት ውስጥ ይለቀቅ።»

«ሃያ ሦስት ዓመት!» ብሎ ጮኸ የሁለተኛ ፎቁ ሰው። ቡጢውን ጨብጦ ወደ ደግአረገ መጣ። «ሃያ ሦስት ዓመት እንደገና ልሰለፍ? ባንተ ጃኬት?» ደግአረገ መዶሻውን ጥሎ እጁን ወደ ታች አድርጎ ቆመለት። ሊመታው ቢፈልግ ይመታው ነበር፤ እኔም አልከለክለውም ነበር።

እማማ ደብሪቱ መሐላቸው ገቡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ደግአረገን ቀና ብለው አዩት።

«የማን ቀብር ነበር?» አሉት።

«የእናቴ።»

«ስማቸው?»

«አሰገደች።»

መዝገባቸውን ወደ ሌላኛው ብብታቸው አዛወሩ። «ነፍስ ይማር» አሉ። «እግዜር ያጥናህ ልጄ።»

ይህ ከተባለ በኋላ ማንም ዝም ማለት አይችልም፤ አፋችን ያደገው እንዲያ ነው። «ነፍስ ይማር» አለ ከመስኮቱ ውጭ አንዱ። «ያጥናህ» አለች ሌላዋ። ቃሉ ከክፍል ወደ ግቢ ወጣ፤ የሁለተኛ ፎቁ ሰውም ቡጢውን ሳይፈታ፣ እያለቀሰ፣ «ነፍስ ይማር» አለ። ደግአረገ ያኔ ነው እጅጌውን አቅፎ የጮኸው፤ ለእናቱ ያላለቀሰውን ሁሉ እኛ ቤት አለቀሰ። ከዚያ ሰዉ ፍራሹን ሊያወርድ ወደ ላይ ወጣ።

ዛሬ የምኖረው ከሕንፃው ማዶ ሜዳው ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት የቀጠረን ለጥር ነው፤ እኔንና ደግአረገን። ከስድሳ አንዱ ቤተሰብ የሚያናግረኝ ግማሹ አይሆንም፤ አልፈርድባቸውም። አፍራሽ ማሽኖቹ ገና ተራ አልደረሳቸውም። ሕንፃው ባዶውን ቆሟል፤ መብራቱን የሚያጠፋው ስለሌለ ሌሊቱን ሙሉ ድንኳናችን ላይ አረንጓዴ ያበራብናል።

የመጀመሪያው ሌሊት ሲነጋ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የምመታው ኮለን አልነበረኝም። መዶሻዋን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የድንኳኑን በር ገለጥኩ። ስድሳ አንዱም ቤተሰብ ሜዳው ላይ ነቅቶ፣ ልጆቹን አቅፎ፣ እንደለመደው የመዶሻዬን ድምፅ ሲጠብቅ ተቀምጧል።